የአዳዲስ ተሽከርካሪዎች የአሽከርካሪ ድጋፍና የስክሪን ሥርዓቶች ጉድለት፦ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ ባለው መንገድ መነሻነት

አኅጽሮተ ጥናት

ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ራስ-ሰር የድንገተኛ ፍሬን፣ መስመር ጠባቂ፣ ርቀት ጠባቂና እነዚህን የመሳሰሉ የአሽከርካሪ ድጋፍ ሥርዓቶችን ከመረጃና መዝናኛ ስክሪን ጋር አዋሕደው ይመጣሉ። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቶቹ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባለው መንገድ ላይ ለምን እንደሚሳሳቱ ወይም ሥራ እንደሚያቆሙ በይፋ በሚታወቁ ክስተቶች፣ በቴክኒክ ደረጃዎችና በቀላል የጂኦሜትሪ ስሌት ይመረምራል። በአንድ ስም «ብልሽት» እየተባለ የሚጠራው ነገር ሦስት የተለያዩ ምንጮች እንዳሉት ያሳያል፤ እነርሱም የዕቃ ብልሽት፣ ከአሠራር ወሰን መውጣትና የአገልግሎት መቋረጥ ናቸው። ሦስቱን ሳይለዩ የሚደረግ ጥገናም ሆነ ቁጥጥር የተሳሳተውን ነገር ለማረም እንደሚሞክር ይከራከራል። በመጨረሻም ለአሽከርካሪዎች፣ ለጋራዦች፣ ለተቆጣጣሪዎችና ለተመራማሪዎች የሚጠቅሙ ሐሳቦችን ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የአሽከርካሪ ድጋፍ ሥርዓት፣ የአሠራር ወሰን፣ ስክሪን፣ ካሜራ፣ ራዳር፣ ሊማሊሞ

1. መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል የሚያልፈው መንገድ ሁለት ጠባይ አለው። እስከ ደባርቅ ባለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በአመዛኙ በደጋው ላይ ይጓዛል። ከደባርቅ አልፎ ግን በድንገት እየተጣጠፈ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ተቆርጦ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ስሙ ሲነሣ አሽከርካሪው ሁሉ የሚያስታውሰው ኩርባውንና ቁልቁለቱን ነው። በክረምት ጭጋግ መንገዱን ይሸፍናል፤ በገበያ ቀን ደግሞ እግረኛው፣ አህያውና በጉ አስፋልቱን ከተሽከርካሪው ጋር ይጋራሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ለዘመናት የተሽከርካሪው ዐይንና ጆሮ አሽከርካሪው ብቻ ነበር። ይህ እየተለወጠ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ሲደረጉ፣ የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ተፈታተው ለሚገቡት ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ውጤቱ የነዳጅ ለውጥ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሞተር ይዞ የሚመጣው ተሽከርካሪ ካሜራ፣ ራዳር፣ ሰፊ ስክሪንና ከአምራቹ ጋር የሚገናኝ ሶፍትዌርም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የኃይል ፖሊሲ ሆኖ የተጀመረው ውሳኔ የማሽከርከርን ሥራ ለሰውና ለሶፍትዌር የሚያከፋፍል ውሳኔም ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። በሌላ አገር መንገድ፣ ለሌላ አገር ቋንቋና ኔትወርክ የተሠራ የድጋፍ ሥርዓት በስሜን ግርጌ ሲሳሳት የተበላሸው ምንድን ነው? ሥርዓቱ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ወይስ በሁለቱ መካከል ያለው ስምምነት?

2. የብልሽት ሦስት ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የዕቃ ብልሽት ነው፤ ማለትም በተነደፈበት አካባቢ መሥራት የነበረበት አካል ወይም ፕሮግራም መክሸፉ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 135,000 የሚጠጉ የሞዴል ኤስና የሞዴል ኤክስ ተሽከርካሪዎችን የጠራበት ጉዳይ ነው። በስክሪኑ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው 8 ጊጋባይት የማስታወሻ ቺፕ በተደጋጋሚ እየተጻፈበትና እየተሰረዘበት ያልቅ ነበር። ቺፑ ሲያልቅ የጠፋው ሙዚቃ ብቻ አልነበረም፤ የኋላ ካሜራ ምስል፣ የመስተዋት ጤዛ ማጥፊያ መቆጣጠሪያና የድጋፍ ሥርዓቱ የማስጠንቀቂያ ድምፅም አብረው የሚጠፉ ነበሩ። ለመዝናኛ የተሠራ የሚመስል ክፍል የደኅንነት ክፍል መሆኑን ይህ ክስተት አሳይቷል። ሌላው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በአሜሪካ ሲያትል የታየው ነው። አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ከድምፁ ጋር የላካቸው የምስል ፋይሎች የፋይል ዓይነት መለያ ስላልነበራቸው፣ ከ2014 እስከ 2017 የተሠሩ የማዝዳ ተሽከርካሪዎች ስክሪን በዚያው ጣቢያ ላይ ተጣብቆ እየጠፋና እየበራ ቀረ።

ሁለተኛው ምንጭ ከአሠራር ወሰን መውጣት ነው። የአሠራር ወሰን ሲባል አምራቹ ሥርዓቱ እንዲሠራበት ያሰበው የመንገድ፣ የፍጥነት፣ የአየር ጠባይና የእንቅስቃሴ ዓይነት ማለት ነው። ከዚህ ወሰን ውጭ ሥርዓቱ ቢሳሳት የተሰበረ ዕቃ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቮልቮ ትልልቅ እንስሳትን ለመለየት በስዊድን ያዳበረው ሥርዓት በአውስትራሊያ ካንጋሮ ሲያጋጥመው መቸገሩን ገልጾ ነበር። በአጋዘን የሠለጠነው ሥርዓት የእንስሳውን ርቀት የሚገምተው ከመሬት ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ካንጋሮው ሲዘል ራቅ ያለ፣ ሲያርፍ ቀረብ ያለ ይመስለው ነበር። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ስሌቱም በስዊድን ትክክል ነው። የጎደለው በአዲሱ አገር ያለው እንስሳ ነበር።

ሦስተኛው ምንጭ የአገልግሎት መቋረጥ ነው። ዕቃው ደኅና ሆኖ፣ መንገዱም በወሰኑ ውስጥ ሆኖ፣ ሥርዓቱ የሚደገፍበት የውጭ አገልግሎት ሲቋረጥ የሚፈጠር ነው። ይህም ካርታን፣ የኢንተርኔት መስመርን፣ የአምራቹን የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ የሬዲዮ ሞገድንና የሚነበብ ቋንቋን ይጨምራል።

ሦስቱ ምንጮች ለባለቤቱ በአንድ ምልክት ይታያሉ፤ በዳሽቦርዱ ላይ በሚበራ ቢጫ መብራት ወይም በማይታዘዝ ስክሪን። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ መለወጥ ወይም ፕሮግራሙን ማረም፣ ሁለተኛው የአሽከርካሪውን ዕውቀትና የሥርዓቱን ማስተካከያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአንድ ጋራዥ አቅም በላይ የሆነ ተቋማዊ ስምምነት ይጠይቃል።

3. ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመለከቱ ሥርዓቶች

የድጋፍ ሥርዓቶችን በደረጃ መከፋፈል የተለመደ ነው። ለስሜን ግርጌ መንገድ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው መረጃቸውን ከየት እንደሚያገኙ መጠየቅ ነው። የጎማ መቆለፍን የሚከላከለው ኤ.ቢ.ኤስ እና የመረጋጋት መቆጣጠሪያው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ፤ የጎማን ፍጥነት፣ የመሪን ማዕዘንና የተሽከርካሪውን መዞር ይለካሉ። ለእነርሱ የዳባት አስፋልትና የስቱትጋርት አስፋልት ልዩነት የመያዝ ኃይል ልዩነት ብቻ ነው። መስመር ቢቀለምም ባይቀለምም፣ ጭጋግ ቢኖርም ባይኖርም ሥራቸውን ይሠራሉ። በአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም ጥናት የመረጋጋት መቆጣጠሪያ አንድ ተሽከርካሪ ብቻውን የሚደርስበትን ገዳይ አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። በኩርባና በዝናብ ለሚታወቅ መንገድ ከዚህ የተሻለ አጋዥ ማግኘት ያስቸግራል።

ራስ-ሰር የድንገተኛ ፍሬን፣ መስመር ጠባቂና ርቀት ጠባቂ ግን ወደ ውጭ ይመለከታሉ። በካሜራና በራዳር ያዩትን ነገር መስመር፣ ተሽከርካሪ፣ ሰው ወይም ባዶ ቦታ ብለው መተርጎም አለባቸው። ትርጉሙም አስቀድሞ ከተማሩት ዓለም የመጣ ነው። ጥቅማቸው በተነደፉበት አካባቢ የሚካድ አይደለም፤ ያው ተቋም ራስ-ሰር የድንገተኛ ፍሬን ከፊት የሚሄድን ተሽከርካሪ ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ይህ ጥቅም ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚጓዝ እንጂ ከተሽከርካሪው ጋር ብቻ የሚገዛ አይደለም።

ስለዚህ «ኤሌክትሮኒክስ ለአገራችን መንገድ አይሆንም» የሚለው ጥቅል አስተያየትም፣ «አዲስ መኪና ራሱን ይጠብቃል» የሚለው ተቃራኒውም ትክክል አይደሉም። ወደ ውስጥ የሚመለከተው ሥርዓት እስከ ሊማሊሞ ግርጌ ድረስ አብሮ ይወርዳል፤ ወደ ውጭ የሚመለከተው ግን ከደባርቅ ከተማ ሲወጣ የሚያውቀውን ዓለም ይለቃል።

4. የኩርባው ስሌት

ርቀት ጠባቂ የፍጥነት መቆጣጠሪያን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ 15622 ሥርዓቶችን በኩርባ አቅማቸው ይመድባቸዋል። ምድቦቹ የኩርባ ራዲየስ 500፣ 250 እና 125 ሜትር ድረስ ከፊት ያለውን ተሽከርካሪ መከታተል መቻልን ይጠይቃሉ። የመጨረሻው፣ ማለትም ጥብቁ ምድብ እንኳ ከ125 ሜትር ለጠበበ ኩርባ ግዴታ አይጥልም። በገደል ላይ የሚታጠፍ መንገድ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ የጠበቡ ማጠፊያዎች አሉት።

የችግሩን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ የፊት ራዳር ከመካከለኛ መስመሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 10 ዲግሪ ያህል ይመለከታል እንበል። በራዲየሱ አር በሆነ ኩርባ ላይ፣ በመንገዱ ርዝመት ኤስ ርቀት ላይ ያለ ተሽከርካሪ ከራዳሩ ፊት ለፊት የሚያፈነግጥበት ማዕዘን በራዲያን ኤስ ሲካፈል ለ2 አር ነው። ማዕዘኑ ከ10 ዲግሪ ሲያልፍ ተሽከርካሪው ከእይታ ይወጣል። ውጤቱ የሚከተለው ነው፦

ራዲየስ 500 ሜትር ሲሆን እስከ 175 ሜትር ገደማ ይታያል።
ራዲየስ 250 ሜትር ሲሆን እስከ 87 ሜትር ገደማ ይታያል።
ራዲየስ 125 ሜትር ሲሆን እስከ 44 ሜትር ገደማ ይታያል።
ራዲየስ 30 ሜትር ሲሆን እስከ 10.5 ሜትር ብቻ ይታያል።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ተሽከርካሪ በሴኮንድ 8.3 ሜትር ይጓዛል። አሽከርካሪው ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበትና በደረቅ አስፋልት በ8 በመቶ ቁልቁለት ላይ በሴኮንድ ካሬ 6.2 ሜትር ቢቀንስ፣ ለመቆም 14 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ራዳሩ ግን የሰጠው 10.5 ሜትር ነው። ማሽኑ ራሱ በ0.3 ሴኮንድ ፍሬን ቢይዝ በ8 ሜትር ገደማ ይቆማል። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ማሽኑም 13 ሜትር ስለሚያስፈልገው አይደርስም። ሰፋ ያለ ማዕዘን የሚያይ ካሜራ ሁኔታውን ያሻሽላል፤ ነገር ግን በገደል መንገድ ላይ ከመታጠፊያው በስተጀርባ ያለውን የሚሸፍነው ዐለቱ ራሱ ስለሆነ፣ የካሜራው ስፋት ዐለቱን አያሳልፈውም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ተሽከርካሪው ወደ ማጠፊያው ሲቃረብ በቀጥታ ከፊቱ የሚታየው የዐለት ግድግዳ ወይም የመንገድ ዳር መከላከያ ነው። ሥርዓቱ አሽከርካሪው መሪውን እንደሚያዞር ካልገመተ፣ ግድግዳውን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ያለምክንያት ፍሬን ሊይዝ ይችላል። ያለምክንያት የሚያዝ ፍሬን በሜዳ መንገድም የታወቀ ችግር ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 በ354 ቅሬታዎች መነሻነት 416,000 የሚገመቱ የቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት ምርመራ የከፈተው በዚሁ ጉዳይ ነው። በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ግን ከኋላ የሚከተለው ፍሬኑ የጋለ የጭነት መኪና ሊሆን ይችላል። ለፊተኛው ደኅንነት የተያዘ ፍሬን ለኋለኛው አደጋ ይሆናል።

5. ካሜራው የማያውቀው መንገደኛ

ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ላይ ኩርባው ሰፊ ስለሆነ የራዳር ችግር ይቀንሳል። በዚያ የሚመጣው ችግር የመለየት ነው። የመኪና መንገዱ የእግረኛም መንገድ ነው። ተማሪዎች በቡድን ይሄዳሉ፤ እረኛ መንጋውን ያሻግራል። ጭድ የጫነ አህያ ከኋላ ሲታይ እግር ያለው ክምር እንጂ እንስሳ አይመስልም። እንጨት የተሸከመች ሴትም የሰው ቅርጽ ተብሎ ከሚታወቀው ጎን ለጎን ሰፍታ ትታያለች።

የእግረኛ መለያ ሥርዓቶች በተመቻቸ ሁኔታ እንኳ ወሰን አላቸው። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 በአራት ተሽከርካሪዎች ላይ ባደረገው ፍተሻ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር በሚጓዝበት ጊዜ ከቆሙ መኪናዎች መካከል የሚወጣ የሕፃን አሻንጉሊት በ89 በመቶው ሙከራ ተገጭቷል፤ በሌሊት ደግሞ ሥርዓቶቹ ጥቅም አልባ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ የተደረገው በተዘጋጀ የመፈተሻ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ አሻንጉሊቱም ሸክም አልነበረውም። ማታ ከገበያ የሚመለሰው የደባርቅ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል ብሎ ማሰብ ማስረጃ የለውም።

ሌላው ጉዳይ የካሜራው አቀማመጥ ነው። በፊት መስተዋት ላይ የተለጠፈው ካሜራ የሚያየውን ወደ ርቀትና ወደ ቦታ የሚቀይረው በተወሰነ ማዕዘን ላይ እንዳለ በማመን ነው። ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢዛባ በ50 ሜትር ርቀት 0.87 ሜትር፣ በ100 ሜትር ደግሞ 1.75 ሜትር ስሕተት ይፈጠራል። የኋለኛው ስፋቱ 3.5 ሜትር የሆነ የመንገድ መስመር ግማሽ ነው። በዚህ መጠን የተሳሳተ ካሜራ ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው መካከል ላይ፣ መካከል ላይ ያለውን ደግሞ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ጠጠር የሰነጠቀውን መስተዋት መለወጥና ለኮረኮንች መንገድ ሲባል ተሽከርካሪውን ከፍ ማድረግ በአገር ውስጥ የተለመዱ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም የካሜራን ማዕዘን ስለሚለውጡ ከሥራው በኋላ በመሣሪያ የሚደረግ የካሜራ ማስተካከያ ያስፈልጋል። መስተዋቱ በደንብ ተገጥሞ፣ መብራትም ሳይበራ ሥርዓቱ ሊሳሳት መቻሉ ይህን ጉድለት ከሁሉ የሚያሰጋ ያደርገዋል። ሥራ ያቆመ ሥርዓት አሽከርካሪውን ያነቃዋል፤ በስሕተት የሚሠራው ግን ያዘናጋዋል።

6. ስክሪኑ የሥርዓቱ አንደበት

የመረጃና መዝናኛ ስክሪን ጉድለት ብዙ ጊዜ እንደ ምቾት ጉዳይ ይታያል። በኢትዮጵያ ለዚህ አመለካከት ታሪካዊ ምክንያት አለው። ከጃፓን ለገበያዋ ተሠርተው የመጡ ተሽከርካሪዎች ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው የጃፓን የኤፍ ኤም ሞገድ የተወሰነ ስለነበር፣ ከ87.5 እስከ 108 ከሚዘረጋው የአገር ውስጥ ሞገድ አብዛኛውን አይዝም። መፍትሔው ሞገዱን በቋሚ መጠን የሚቀንስ አነስተኛ ዕቃ መግጠም ነበር። ዕቃው 20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ ሸገር 102.1 በስክሪኑ ላይ 82.1 ሆኖ ይታያል። ባትሪ ሲነቀል የይለፍ ቁጥር የሚጠይቁና የካርታ ካርድ ካላገኙ የማይከፈቱ የጃፓንኛ ስክሪኖችም እንዲሁ ይታወቃሉ። ባለቤቱ ስክሪኑን ትቶ መኪናውን ይነዳል፤ የሚያጣውም ሬዲዮና ካርታ ብቻ ነበር።

በአዳዲሶቹ ተሽከርካሪዎች ይህ ልማድ አይሠራም። ለቻይና ገበያ ብቻ ተሠርተው፣ እንደ ቮልክስዋገን አይ.ዲ.6 ያሉ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ተሽከርካሪዎች አሉ። ለአንድ አገር ገበያ ብቻ የተሠራ ተሽከርካሪ ስክሪኑ የሚናገረው የዚያን አገር ቋንቋ ነው፤ ካርታው የሚያውቀው የዚያን አገር መንገድ ነው፤ የስልክ መተግበሪያውም የዚያን አገር ስልክ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ችግሩ ከሬዲዮው የሚለየው የድጋፍ ሥርዓቱ ከአሽከርካሪው ጋር የሚነጋገረው በዚሁ ስክሪን በመሆኑ ነው። «የፊት ካሜራ ተጋርዷል»፣ «መስመር ጠባቂው ጠፍቷል»፣ «መሪውን ያዙ» የሚሉት መልእክቶች በማይነበብ ፊደል ሲመጡ ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል፤ አልደረሰም ግን። በዚህ ሁኔታ የቋንቋ ጉድለት የደኅንነት ጉድለት ነው።

በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቁልቁለት አወራረድ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። አሽከርካሪዎች በሊማሊሞ ሲወርዱ ፍሬን እንዳይግል በአነስተኛ ማርሽ መያዝን ተምረዋል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም፤ በምትኩ ሞተሩ ኃይል እያመነጨ ይይዛቸዋል። ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 19.6 ሜጋጁል፣ ማለትም 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይለቃል። በ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ሲመዘን 9 በመቶ ነው። የተወሰነው በጎማና በአየር ግጭት ይባክናል፤ የቀረው ወደ ባትሪው መግባት ወይም በፍሬን ላይ ሙቀት መሆን አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ባትሪውን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ የሚወርድ ተሽከርካሪ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሞተሩን መያዝ ይቀንሳል፤ ይህንንም በስክሪን መልእክት ያሳውቃል። መልእክቱን ያላነበበ አሽከርካሪ ትናንት የያዘው መኪና ዛሬ ለምን እንደሚንሸራተት አያውቅም። ዕቃ አልተሰበረም፤ ሶፍትዌሩም በትክክል ሠርቷል።

የኔትወርክ ጥገኝነት ደግሞ ሌላ ገጽታ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለረጅም ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። በየጊዜው ከአምራቹ ኮምፒውተር ጋር መገናኘትን እንደ መደበኛ ሁኔታ የሚቆጥር ተሽከርካሪ እንዲህ ባለ ጊዜ ካርታውን፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውንና የርቀት ምርመራውን ያጣል። አምራቹ በሌላ አገር ያረመው የደኅንነት ስሕተትም በዚህ ሳይታረም ይቀራል። ቋንቋ ለመለወጥ ሲባል ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር መጫን ሌላውን በር ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ጉድለት ቢታይ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

7. ከበረራ ቁጥር 302 የሚወሰድ ትምህርት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አልቀዋል። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር የመጣን የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን በዚሁ ሥርዓት እስከተከሰከሰበት ጊዜ ድረስ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር።

አውቶሞቢልና አውሮፕላን አንድ አይደሉም። አሽከርካሪ በአብዛኛው ፍሬኑንና መሪውን በኃይል ይዞ ሥርዓቱን ሊያሸንፈው ይችላል። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ይመሳሰላሉ። በአንድ ምንጭ ብቻ የሚታመን ሥርዓት ምንጩ ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል። መኖሩ ያልተነገረ ሥርዓት ሲሳሳት ስሙን ጠርቶ ማጥፋት አይቻልም። ሦስተኛም፣ የሥርዓቱን ጠባይ የሚያውቀው አምራች ከሚጠቀምበት ሰው ሲርቅ የዕውቀቱ ክፍተት ወደ አደጋ ይለወጣል። በአቪዬሽን ይህን ክፍተት የሚሞላ የምርመራ፣ የሪፖርትና የሥልጠና ሥርዓት አለ፤ በሥራ ላይ የነበሩት የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ እንዲቆሙ የተደረገውም በዚህ ነው። ለአንድ አገር ገበያ ተሠርቶ በሌላ አገር ለሚነዳ መኪና ግን አምራቹ ባለቤቱን የት እንዳለ ስለማያውቀው የጥሪ ማስታወቂያው የሚደርሰው የለም።

8. ማጠቃለያና ለቀጣይ ሥራ የሚሆኑ ሐሳቦች

ከላይ የቀረበው ትንተና የሚያመለክተው በስሜን ግርጌ መንገድ ላይ የድጋፍ ሥርዓት ጉድለት ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተሰበረ?» ብቻ መሆን እንደሌለበት ነው። «ሥርዓቱ ይህን መንገድ ያውቀዋል?» እና «የተናገረውን የሰማው አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች እኩል ቦታ ይገባቸዋል። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ለአሽከርካሪዎች፦ ከደባርቅ ቁልቁል በሚወርዱበት ጊዜ ርቀት ጠባቂውንና መስመር ጠባቂውን ማጥፋት፣ ኤ.ቢ.ኤስን እና የመረጋጋት መቆጣጠሪያውን ግን አለመንካት ይመከራል። የሚረብሽ መብራትን ለማጥፋት ፊውዝ መንቀል ሁለቱንም ዓይነት ሥርዓት በአንድነት ሊያሳጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የያዘ ደግሞ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ከባትሪው 10 በመቶ ያህል ባዶ ትቶ ቢነሣ ሞተሩ መኪናውን ለመያዝ ቦታ ያገኛል።

ለጋራዦች፦ የፊት መስተዋት ከተለወጠ ወይም የተሽከርካሪው ቁመት ከተነካ የካሜራ ማስተካከያ የሥራው አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል። የጉድለት መዝገብም ዕቃ፣ ወሰን ወይም አገልግሎት በሚል ቢለይ ባለቤቱ የማያስፈልገውን ዕቃ ከመግዛት ይድናል።

ለተቆጣጣሪዎች፦ አስመጪዎች የደኅንነት ማስጠንቀቂያዎችን በአማርኛ ወይም በሌላ አሽከርካሪው በሚያነበው ቋንቋ የማቅረብ ግዴታ ቢኖርባቸው፣ የሻንሲ ቁጥርን መሠረት ያደረገ የአምራች ጥሪዎች መከታተያ ቢዘረጋ፣ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም የካሜራንና የራዳርን ሁኔታ ቢያካትት፣ ከላይ የታዩት ክፍተቶች በእጅጉ ይጠባሉ።

ለተመራማሪዎች፦ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች በአጠገባቸው ተፈጥሯዊ የመፈተሻ መንገድ አላቸው። መንገዱን በሦስት ክፍል መክፈል ይቻላል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ያለው ደጋ ለእንስሳትና ለእግረኛ መለየት፣ የደባርቅ ከተማ መሐል ለተጨናነቀ እንቅስቃሴ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ለኩርባና ለፍሬን። በእያንዳንዱ ክፍል በበጋና በክረምት፣ በቀንና በማታ፣ ሥርዓቱ ስንት ጊዜ ያለምክንያት ፍሬን እንደያዘ፣ ስንት ጊዜ መያዝ ሲገባው እንዳልያዘና ስንት ጊዜ አስታውቆ እንደጠፋ መመዝገብ ይቻላል። ሦስቱ ቁጥሮች ለየብቻ መያዝ አለባቸው፤ አስታውቆ የጠፋ ሥርዓትና ሳያስታውቅ የተሳሳተ ሥርዓት በአንድ ድምር ከተቀመጡ ጥናቱ ዋናውን ጉዳይ ያጣል። ጭድ የጫነ አህያ፣ የበግ መንጋና ሸክም የያዘ እግረኛ የሚታዩባቸው ምስሎች በሥርዓት ተሰብስበው ቢለጠፍባቸው ደግሞ ወደፊት የሚሠሩ ሥርዓቶች ይህን መንገድ እንዲማሩ መነሻ ይሆናሉ። የስዊድን አጋዘን በካሜራው ትምህርት ውስጥ ቦታ ያገኘው ሰብስቦ ያስተማረው ስለነበረ ነው፤ የዳባት አህያም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።